ሐይቁ ዳር ቦርሳ የምትጠብቀው ማን ናት?

 

ክረምት ገብቷል፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። በብዙ ቤት የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ክርክር አለ፦ ልጆቹን ከዚህ ዝናብና ጭቃ አውጥተን ሞቅ ያለ ውኃ ዳር ወዴት እንውሰዳቸው? አንዱ ላንጋኖ ይላል፣ አንዷ ሞምባሳ ትላለች፣ አባት ዝም ይላሉ። በመጨረሻ «አንተ ስልኩን ታውቅበታለህ፣ ፈልግልን» ተብሎ ጉዳዩ ላንተ ይጣላል። ወይም ላንቺ። ሥራ ከያዛችሁ ወዲህ የቤቱን ዕረፍት የምትመርጡት እናንተ ሆናችኋል።

ስልክህን ትከፍታለህ፤ ሰማያዊ ውኃ፣ ነጭ አሸዋ፣ የዘንባባ ጥላ። ሳታውቀው መለኪያህ ፎቶው ይሆናል። ፎቶ ውስጥ ደግሞ የደከመ ሰው አይታይም። እኔ ዛሬ የምጠይቅህ ከቦታው በፊት ያለውን ነው፦ ይህን ዕረፍት በማን ልክ ነው የምትቆርጠው?

ሁለት ነገር ቶሎ ብዬ ልለፍ። «መዝናናት ለሙእሚን ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ሩጫ ተወዳድረዋል፤ አንዴ እሷ ቀድማቸዋለች፣ ሌላ ጊዜ እሳቸው ቀድመዋታል። ሰልማን አቡ ደርዳእን «ነፍስህም ቤተሰብህም ባንተ ላይ ሐቅ አላቸው» በሚል መንፈስ ሲመክረው ነቢዩ የሰልማንን ቃል አጽድቀዋል። ስለዚህ ይህ ጥያቄ መልስ አለው። ሁለተኛው ብር ነው። ተበድሮ መዝናናት ይቅር፤ ስድስት ወር የሚከፈል ዕዳ ይዞ የተመለሰ ሰው አላረፈም።

አሁን ወደ መለኪያው። ዑሥማን ኢብን አቢል ዓስ (ረ.ዐ) የሕዝባቸው ኢማም እንዲሆኑ ነቢዩን ሲጠይቁ ነቢዩ ሾሟቸው፤ ከዚያ አንድ መመሪያ ሰጧቸው፦ ከኋላህ ካሉት ውስጥ በጣም ደካማው ልክህ ይሁን። ነቢዩ ራሳቸው ሶላት እያሰገዱ የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ የእናቱ ልብ እንዳይጨነቅ ሶላቱን ያሳጥሩ ነበር። መንገድ ላይ ደግሞ ከተጓዡ ኋላ ይቀሩና የደከመውን ያበረታቱ፣ ከኋላቸው ያፈናጥጡ ነበር። መሪ ነበሩ፣ ቦታቸው ግን ኋላ ነበር።

«በደካማው ልክ ከሆነ ማንም ከቤት አይወጣም» ትለኝ ይሆናል። አይደለም። ሶላቱ አጠረ እንጂ አልቀረም፤ ጉዞው ቀስ አለ እንጂ አልቆመም። ደካማው ፍጥነቱን ይወስናል፣ መንገዱን አይሰርዝም።

በቤታችሁ ውስጥ ደካማው ማነው? መጀመሪያ ትንሹ ልጅ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ የሕንድ ውቅያኖስን ከላንጋኖ አይለይም። የሚፈልገው እርጥብ አሸዋ፣ ጉልበቱ ድረስ የሚመጣ ውኃ፣ አንድ ባልዲና ስልክ ያልያዘ ሰው ነው። ወንድሞቼ፣ ይህ እጅግ ርካሽ ፍላጎት ነው።

በእሱ ልክ ስትለካ ካርታው ይቀየራል። ጅቡቲ በባቡር የሚደረስባት ቅርብ ባሕር ናት፤ ግን የእኛ ልጆች በሚያርፉበት በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ለሕፃን ያ ዕረፍት አይባልም፤ ጅቡቲ ከኅዳር እስከ ጥር ትቆይ። የሞምባሳና የዲያኒ ባሕር ዳርቻ በተቃራኒው በእኛ ክረምት ለስለስ ያለ ነው። አውሮፕላን በቀጥታ ይሄዳል፣ አዛን ይሰማል፣ ሐላል ምግብ አያስቸግርም፣ ለኢትዮጵያውያን ቪዛ አይጠየቅም። ግን ፓስፖርት ለእያንዳንዱ ልጅ ያስፈልጋል፣ የወባ ጉዳይ አለ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ደግሞ ከመሄድ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። እዚያ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሲሸሽ ኮራሉ ውስጥ የቀረው ኩሬ ለልጅ ገነት ነው፤ ሲሞላ ያው ቦታ ያሰምጣል። ሆቴል ከመያዝህ በፊት የሚሸሽበትን ሰዓት ጠይቅ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ እንግዳ ብዙ አይደለም።

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ቀን ጠዋት ይደረሳል። ከቢልሃርዚያ ነፃ በመባል የታወቀ ሐይቅ ነው። ቀለሙ ቡናማ ስለሆነ ፎቶ ላይ አያምርም፤ ብዙ ወጣት የሚንቀውም ለዚህ ነው። ለእኔ የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው፦ በዚያ ውኃ ውስጥ አንድ ክንድ የሰመጠ ልጅ ከላይ አይታይም። የሚሰምጥ ልጅ ደግሞ እንደ ፊልም አይጮኽም፤ አፉ ውኃ ውስጥ ስለሆነ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። በአየር የሚነፋ ጎማ መጫወቻ እንጂ ጠባቂ አይደለም። እንግዲህ የትም ብትሄዱ አንድ ትልቅ ሰው ስልኩን ለሌላ ሰጥቶ፣ እጁን ቢዘረጋ ልጁን በሚነካበት ርቀት ይቁም፤ በግማሽ ሰዓት ይቀያየር። «ሁላችንም እያየን ነው» ማለት ማንም አያይም ማለት ነው።

ቀጥሎ የአሥራ አምስት ዓመቷ እኅትህ አለች። ወንድሞቿ ሲዋኙ እሷ ሒጃቧን ነፋስ እየመታው ፎቶ ታነሳለች። «አንቺም ግቢ» ይባላል፣ ግን የት? በምን ልብስ? በማን ፊት? ይህን የሚያስብላት ሰው ስለሌለ እሷ «ውኃ አልወድም» ትላለች፤ እኛም አመንናት። አንዳንድ ሪዞርት ሙሉ ገላን የሚሸፍን የዋና ልብስ ወደ ገንዳው አያስገባም፤ አንዳንዱ ችግር የለውም። በስልክ ማጣራት ሁለት ደቂቃ ነው። ሱብሕ ተሰግዶ ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ዳርቻው ባዶ ነው፤ ያንን ሰዓት ለእሷና ለእናቷ ስጡ። በዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ ሙስሊም እናቶች እንደ ተሸፈኑ ባሕር ውስጥ ገብተው የባሕር ሣር ያመርታሉ። ባሕሩ ለተሸፈነች ሴት ተከልክሎ አያውቅም፤ የሚጎድላት የሚያስብላት ሰው ነው።

እናትስ? ብዙውን ጊዜ የእናት ዕረፍት ወጥ ቤቱን ወደ ሐይቅ ዳር ማዛወር ነው። ዶሮው እዚያ ይሠራል፣ ልብሱ እዚያ ይታጠባል። ምግብ የሚቀርብበትን ቦታ ለሁለት ቀን መያዝ፣ ራሷ እያበሰለች አራት ቀን ከመቆየት ይሻላታል። ይህን እሷን ጠይቁ እንጂ በእኔ ቃል አትወስኑ።

አሁን ርእሱ ላይ ወዳለው ጥያቄ ደረስን። ወደ ላንጋኖ ዳርቻ ቅዳሜ ሄዳችሁ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ከዛፉ ጥላ ሥር፣ ከቦርሳውና ከጫማው ክምር አጠገብ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ዕድሜዋ ከቤቱ ልጅ ብዙም አይበልጥም። ሕፃን አቅፋለች። ምሳ ሲቀርብ መጨረሻ ትበላለች፤ ፎቶ ሲነሳ ስልኩን የምትይዘው እሷ ናት። የቤት ሠራተኛዋ ናት። ከወሎ ወይም ከጅማ ገጠር መጥታ ይህን ያህል ውኃ ስታይ ምናልባት የመጀመሪያዋ ነው፤ እግሯን ግን አላስነካችም።

ስለዚህ ጉዳይ እኛ ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። እኅቶቻችን በዐረብ አገር እንዲህ ሲኖሩ እናለቅሳለን። የአሠሪዎቿ ቤተሰብ ባሕር ዳር ሲዝናና የሌላ ሰው ልጅ ተሸክማ ከኋላ የምትሄደውን ልጅ ቪዲዮ ስናይ «ያ አላህ» እንላለን፣ ሼር እናደርጋለን። ያቺ ልጅ ግን እዚህም አለች። እኛ ዘንድ ስትሆን «ይዘናት ሄድን፣ ደስ ብሏታል» ይባላል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአቡ ዘር የነገሩትን ታውቁታላችሁ፤ በእጃችሁ ሥር ያሉት ወንድሞቻችሁ ናቸው፣ ከምትበሉት አብሏቸው፣ ከምትለብሱት አልብሷቸው፣ ከአቅማቸው በላይ አትጫኗቸው፣ ከጫናችሁም አግዟቸው የሚል መልእክት ነው። በዘመኑ ባለቤትነት ሥር ለነበረ ሰው ይህ ከተባለ፣ በደሞዝ ለምትሠራ ነፃ ልጅ ምን ሊባል ነው?

«ደሞዟን እከፍላለሁ፣ ሥራዋ ነው» የሚለው መልስ ግማሹ ትክክል ነው። ሥራዋ ከሆነ እንግዲያውስ ዕረፍቷ አይደለም፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማለት አይቻልም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ቤት ሠራተኞች ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 201 ይህንኑ ነገር አንሥቷል፦ ሠራተኛዋ ከቤተሰቡ ጋር ለሽርሽር የሄደችበት ጊዜ ከዓመት ፈቃዷ አይቆጠርም። በእኛ አገር አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለመጀመሪያ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ የቤት ሠራተኛ ግን ከአዋጁ ውጪ ናት። ስለዚህ እሷን የሚያሳርፍ ሕግ ፍለጋ ፍርድ ቤት አትሂድ። ሕጉ ለጊዜው ያንተ ቤት ነው፣ የሚጠይቅህም አላህ ነው።

እኔ ይዛችኋት አትሂዱ አልልም። ከሄደች ግን ተራ ይኑራት፦ ልጁን ሌላ ሰው ይዞ እሷ ውኃ የምትገባበት ሰዓት፣ አብራችሁ የምትበላበት ማዕድ፣ በር ያለው መኝታ። ለእሷም የሚሆን መቀየሪያ ልብስ ሻንጣው ውስጥ ይግባ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ሆቴሉ ከመያዙ በፊት፣ እማማ በሌሉበት፣ በእርጋታ ይጠየቅ፦ «ከእኛ ጋር መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይስ እነዚህን ቀናት ደሞዝሽ ሳይነካ አገርሽ ሄደሽ እናትሽን ማየት?» መጀመሪያ «እንደፈለጋችሁ» ትላለች። ያ መልስ አይደለም፤ ሁለተኛ ጠይቃት።

አገሯን ከመረጠች «ታዲያ ልጆቹን ማን ይይዛል?» የሚል ጥያቄ ግሩፑ ላይ ይነሳል። ወረቀት አውጣና ተራ ጻፍ። ከዙህር እስከ ዐስር ያለው፣ ሁሉም መተኛት የሚፈልግበት ሰዓት፣ በስምህ ይሁን።