በአንድ ጣራ ሥር ያለ እንግዳ

ሰው በባልንጀራው ላይ እጁን ሳያነሣ፥ ገንዘቡን ሳይወስድ፥ ስሙንም ሳያጠፋ ሊበድለው ይችላልን? ይህን ጥያቄ ያነሣነው በክርክር ለመራቀቅ አይደለም፤ ልጆቻችን ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር እየሄዱ፥ ቋንቋውንና ሃይማኖቱን ከማያውቁት ሰው ጋራ በአንድ ክፍል አልጋ ለአልጋ ተያይተው ስለሚያድሩ ነው። ወላጆች ወደ እኛ መጥተው «ልጄ ከማን ጋራ ያድር ይሆን? ምንስ ያበሉት ይሆን?» ብለው ይጠይቁናል። «ልጄስ አብሮት ለሚያድረው ምን ይሆንለት ይሆን?» ብሎ የጠየቀን ግን እስካሁን አላገኘንም።

ስለ ምግቡ በአጭሩ እንናገር። ዳንኤልና ሦስቱ ባልንጀሮቹ በባቢሎን ንጉሥ ቤት ሦስት ዓመት እንዲማሩ በተመደቡ ጊዜ ከንጉሡ ማዕድ ይልቅ ጥራጥሬና ውኃን መረጡ። ነገር ግን ዳንኤል ሹሙን አልተሳደበም፤ የዐሥር ቀን ፈተና በትሕትና ለመነው እንጂ። የከለዳውያንንም ቋንቋና ትምህርት አልናቀም። በዛሬው ዘመንም ቢሆን በትሕትና ለሚጠይቅ ጿሚ አንድ ሳሕን ምስር የሚከለክል ወጥ ቤት ብዙ አይገኝም። የሚከብደው ሌላው ነው።

ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ፥ ቅዱስ ባስልዮስ ካረፈ በኋላ ስለ እርሱ በደረሰው ድርሳን የአቴናን የተማሪነት ኑሯቸውን ይተርካል። ሁለቱም የቀጰዶቅያ ሰዎች፥ በአቴና እንግዶች ነበሩ። በዚያች ከተማ አዲስ ተማሪ በመጣ ጊዜ ነባሮቹ ከብበው በነገር ይወጉት ነበር፤ ከዚያም ተሰልፈው በገበያው መካከል እየጮኹ ወደ መታጠቢያ ቤት ይወስዱትና በሩን እየደበደቡ ያስፈራሩት ነበር። ቀድሞ የደረሰው ጎርጎርዮስ ስለ ባስልዮስ ጭምትነት ለሌሎቹ አስቀድሞ ተናግሮ ከዚህ ውርደት አዳነው። ባስልዮስ ግን ይህ ሁሉ ተደርጎለትም እንኳ አቴና እንዳሰባት ሆና ስላላገኛት አዘነ፤ ያጽናናውም ያው ጎርጎርዮስ ነው። ኋላ ለቤተ ክርስቲያን ዓምድ የሆነው ሰው በባዕድ አገር በተማሪነቱ ወራት ልቡ ተሰብሮ እንደ ነበረ ስንቶቻችን እናስባለን? በአውሮጳ አቆጣጠር በ355 ዓ.ም. ደግሞ ኋላ ከሃዲ የተባለው ዑልያኖስ በዚያችው አቴና ተማሪ ነበር። ከተማዪቱ አንዲት፥ ፍሬው ግን እንዲህ የተለያየ ነው፤ ስለዚህ ልጅን የሚያጠፋው የባዕድ አገር ማደሪያ ነው የሚሉትን ለመቀበል እንቸገራለን።

ወደ ዘመናችን እንቅረብ። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. ሃሪ ኤድመንድስ የተባለ ሰው በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መጻሕፍት ቤት ደረጃ ላይ ሲያልፍ ለአንድ ቻይናዊ ተማሪ የማለዳ ሰላምታ ይሰጠዋል። ተማሪውም በዚያች ከተማ ሦስት ሳምንት ሲኖር ያነጋገረው የመጀመሪያው ሰው እርሱ መሆኑን ነገረው። ኤድመንድስ ይህን ሰምቶ ዝም ሊል አልቻለምና ከሚስቱ ጋራ የውጭ አገር ተማሪዎችን በቤቱ ማዕድ ማስተናገድ ጀመረ፤ ከዚያም ሥራ የተነሣ በሮክፌለር ገንዘብ በ1924 ዓ.ም. ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ተማሪዎች አብረው የሚያድሩበት ታላቅ ቤት በዚያችው ከተማ ተከፈተ። እንግዲህ ያን ተማሪ በሦስት ሳምንት ውስጥ ያለፉት ሰዎች ምን በደሉ? አልሰደቡትም፤ አልመቱትም። ባለጸጋውም እኮ አልዓዛርን መታው ወይም ከደጁ አባረረው ተብሎ አልተጻፈበትም።

እኛም በዚህ ነገር ንጹሓን አይደለንም። በቅኔ ቤት ሳለን አራት ሆነን በአንዲት ጎጆ ስናድር ከሩቅ አውራጃ የመጣ አንድ ልጅ አምስተኛ ሆኖ ተጨመረ። አነጋገሩ ከእኛ ይለይ ነበርና ጓደኞቻችን ማታ ማታ ድምፁን እየቀዱ ይሣሣቁበት ነበር። እኛ አልሣቅንም፤ ፊታችንን ወደ ግድግዳው መልሰን፥ የተኛን መስለን፥ እንሰማ ነበር። ልጁ ግን ውሻ እየተከተለው ለምኖ ያመጣውን ቁራሽ ለሁላችንም እኩል ያካፍል ነበር። አንድ ቀን ንጋት ላይ አኩፋዳውንና ደበሎውን ይዞ ሄደ። የኔታ ምን እንዳደረግነው ሲጠይቁን «እኛስ ምንም አላደረግነውም» ብለን መለስን። መልሱ እውነት ነበረ፤ ሠላሳ ከዚያም በላይ ዓመት ሙሉ ያልለቀቀን ግን ይኸው እውነት ነው።

አንዳንዶች «ዝምታው ከክፋት ሳይሆን ከዕፍረት ነው፤ ቋንቋ ያልቀናው ሰው ምን ብሎ ይናገር?» ይላሉ። ይህ በከፊል ትክክል ነው። በባዕድ አገር ያሉ ልጆቻችንም የአገራቸውን ልጅ ብቻ ፈልገው ይሰበሰባሉ፤ ያም ባይገኝ ከማታ እስከ እኩለ ሌሊት በስልክ ከአዲስ አበባ ጋራ ሲያወሩ፥ በአንድ ክንድ ርቀት የተኛው ልጅ ስሙን እንኳ ሳይጠየቅ ያድራል። ታዲያ ሁለቱም እንግዶች ሲሆኑ ማን ይቅደም? በእኛ አስተያየት አስቀድሞ የደረሰው ነው። ጎርጎርዮስ የአቴና ተወላጅ አልነበረም፤ ነገር ግን በሩንና መንገዱን ቀድሞ ያውቅ ነበርና በዚያ መጠን ባለቤት ሆነ። እንግዳ ነኝ ማለት ለአንድ ሰሞን ምክንያት ይሆናል፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ሌላ አዲስ ሰው ሻንጣውን ይዞ በበሩ ቆሟል።

አገራችንም ባለቤት ሆና ታውቃለች። በ1950 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ለአፍሪካ ወጣቶች የነፃ ትምህርት ዕድል በሰጠ ጊዜ ከኬንያና ከኡጋንዳ፥ ከሌሎችም አገሮች የመጡ ተማሪዎች በአዲስ አበባ ከእኛ ልጆች ጋራ ተምረዋል። የእኛ ልጆች ስለ አፍሪካ ከመጽሐፍ ያላገኙትን ብዙ ነገር ከእነርሱ አፍ ሰምተዋል፤ ይህም የሆነው አፍ ለአፍ የተነጋገሩት ናቸው እንጂ ዝም ተባብለው ያደሩት አይደሉም።

በዚህ ዓመት አንዲት እናት ልጇን ወደ ውጭ አገር ልትልክ ስንቁን በሻንጣ ስታሰናዳ አገኘናት። በሶና ድርቆሽ፥ አንድ የሸክላ ስኒም በጨርቅ ጠቅልላለች። «ልጄ፥ ስኒውን ሁለት አድርጊው» አልናት። «አባቴ፥ ሁለተኛው ለማን ነው?» ብትለን፥ «ስሙን ልጅሽ በደረሰ በሳምንቱ ጠይቆ ይንገርሽ» ብለን መለስንላት።