መምረጥም መሥራት ነው

የመጀመሪያውን የጌም ኮምፒውተር በገዛ እጁ ሊገጣጥም የተነሣ ወጣት ከሚያስፈልገው ዕቃ አንዱንም አይፈበርክም። ፕሮሰሰሩን አንድ ኩባንያ ሠርቶታል፣ ግራፊክስ ካርዱን ሌላ፣ ማዘርቦርዱን ሦስተኛ፤ ራሙ፣ ፓወር ሳፕላዩና ኬዙም እንዲሁ ከየፋብሪካው የወጡ ናቸው። ዕቃው ተሟልቶ ከቀረበ በኋላ የሚቀረው ብሎን ማሰርና ገመድ ማያያዝ ነው፤ ከግማሽ ቀን አያልፍም። ትልቁ ድካም ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ማወዳደር፣ መደመር፣ መቀነስ፣ የወደዱትን ትቶ የሚስማማውን መያዝ። እንግዲህ ይህ ወጣት ማብሪያውን ተጭኖ ስክሪኑ ሲበራ «እኔ ሠራሁት» ቢል እውነቱን ነው ወይስ የሌላውን ድካም ለራሱ ማድረጉ ነው? ጥያቄው ከኮምፒውተር ይሰፋል፤ ሰው ሠራ የሚባለው መቼ እንደሆነ ይጠይቃል። የእኔ መልስ መምረጥ ራሱ ሥራ ነው፣ ሥራ ስለሆነም መራጩ እንደ ሠሪ ይጠየቅበታል የሚል ነው። ለዚህም ከላስታ ደጋ የተሻለ ምስክር ያለ አይመስለኝም።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ከሥነ ፍጥረት ትምህርት መነሣት ይገባል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሲያስተምሩ እምኀበ አልቦ፣ ማለትም ካለመኖር የተገኘውን ፍጥረት፣ ግብር እምግብር ከተገኘው፣ ማለትም አስቀድሞ ከተፈጠረ ነገር ከተፈጠረው ይለያሉ። የመጀመሪያው ለእግዚአብሔር ብቻ የተገባ ነው፤ ማንም ፍጡር አይጋራውም። ሁለተኛው ግን ፍጥረት ከመባል አልጎደለም። አዳም ራሱ ሥጋው ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት የተዋቀረ ነው ሲባል፣ ካለ ነገር ማዋሐድ የተናቀ አሠራር እንዳልሆነ እየተነገረን ነው። ሰው ደግሞ ከዚህ ውጭ ሌላ የመሥሪያ መንገድ አልተሰጠውም። ቁም ጸሐፊው ብራናው የተገኘበትን ፍየል አልፈጠረም፣ ሸማኔውም ጥጡን አላበቀለም፤ ሁለቱም ካገኙት መርጠው፣ የመረጡትን ለአንድ ዓላማ አስማምተው ነው ሠሪ የተባሉት። ኮምፒውተር ገጣጣሚውን ከዚህ ሰልፍ የምናስወጣበት ምክንያት የለም። የእርሱ ዕቃ ከሌላው ይልቅ የተለፋበት ሆኖ መምጣቱ የመጠን ልዩነት ነው፤ የሥራውን ባሕርይ አይለውጠውም።

እዚህ ላይ ከላስታዋ ከተማ ከላሊበላ ራሷ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ሥራ ማለት ቤተ ጊዮርጊስ ነው ሊባል ይችላል። አንድ ዐለት ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሳይደረብ፣ መጋጠሚያ ሳይኖረው ቤተ መቅደስ ሆኗል፤ ተገዝተው የመጡ ዕቃዎችን ማያያዝ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምን ዋጋ አለው? መልሱ ከዚያው ከላስታ ምድር ይገኛል። ከንጉሥ ላሊበላ በፊት የነገሠው ይምርሐነ ክርስቶስ ያሠራውና በስሙ የሚጠራው ቤተ ክርስቲያን በዋሻ ውስጥ የቆመው እየተገጣጠመ ነው። ግድግዳው አንድ ረድፍ የእንጨት አግዳሚ፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት፣ እንደገና ድንጋይ እያለ ይወጣል፤ በደብረ ዳሞም የሚታይ የአክሱም ዘመን አሠራር ነው። ከዚያ ወደ ላሊበላ ተመልሶ የቤተ አማኑኤልን ውጫዊ ግድግዳ የሚመለከት ሰው ያንኑ ረድፍ ያያል፤ አንዱ ወጣ፣ አንዱ ገባ ያለ ሆኖ ከአንድ ወጥ ዐለት ላይ ተቀርጿል። እንጨት አያስፈልገውም ነበር፣ መደራረብም አያስፈልገውም ነበር። ጠራቢዎቹ ግን የገጣጣሚ አባቶቻቸውን ሥራ ስላከበሩ መልኩን በዐለት ላይ አስቀሩት። በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገቡት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ያለ ምስክር እንዲህ ከሆነ፣ መገጣጠምን ከመፈልፈል አሳንሶ ማየት ከላስታ የተማሩት ትምህርት አይደለም። ደግሞም ፈልፋዩ ራሱ መራጭ ነበር፤ የሚነሣውንና የሚቀረውን በየምቱ ይወስናል፣ አንዴ የተነሣው ድንጋይም አይመለስም።

ሁለቱን አሠራሮች የሚያገናኛቸው ፍጻሜውን አስቀድሞ ማየት ነው። በኮምፒውተር ምርጫ ይህ በግልጽ ይፈተናል። ስም ያለው ግራፊክስ ካርድ ስለሚያስመካ ብቻ ገንዘቡን አብዛኛውን እዚያ ላይ ያፈሰሰ ሰው፣ የተረፈችውን ይዞ ያረጀ ፕሮሰሰር ቢገዛ ካርዱ ፕሮሰሰሩን ሲጠብቅ ይውላል፤ ደካማው ዕቃ ለሁሉም ማነቆ ይሆናል። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ የሚታደስ ከሆነ ካርዱ 150 ምስል ቢያመነጭ ዓይን የሚያየው ያንኑ 60ውን ነው። ባለ 16 ጊጋባይት አንድ ራም ከመሰካት ባለ 8 ሁለት መሰካት ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር እንዲያነብ ያስችለዋል፤ በተለይ ምስሉን የሚያወጣው ፕሮሰሰሩ ራሱ ሲሆን ልዩነቱ ጉልህ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ አንድ አካልና ስለ ብዙ ብልቶች ሲጽፍ፣ ደካማ የሚመስሉት ብልቶች ይልቁን አስፈላጊ መሆናቸውን አስተምሯል። በኮምፒውተር ውስጥ ያ ብልት ፓወር ሳፕላዩ ነው። ማንም አያየውም፣ ማንም አይመካበትም፤ ሁሉም ግን በእርሱ ይኖራል፣ እርሱ ሲበላሽም ሌላውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። የምርጫ ጥበብ እንግዲህ ከክፍሉ በፊት ሙሉውን መውደድ ነው።

ምርጫው ለቦታውም መታመን አለበት። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አንድ ፋን በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከር ይዞት የሚሄደው አየር ስለሚያንስ ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። የደጋው ብርድ ጥቂት ያካክሳል፤ ቢሆንም ሰፊ አየር ማስገቢያ ያለው ኬዝና ጠንከር ያለ ማቀዝቀዣ መምረጥ እዚያ ይበጃል። በአንዳንድ ፓወር ሳፕላይና ቻርጀር ላይ ከ2,000 ሜትር በታች እንዲሠራበት የሚያሳስብ ትንሽ ምልክት ታትሞ ይገኛል፤ በሳሳ አየር ኤሌክትሪክ ከሽቦ ወደ ሽቦ መዝለል ስለሚቀለው ዕቃው የተመዘነው እስከዚያ ከፍታ ብቻ ነው ማለት ነው። ብዙዎቹ ሃርድ ዲስኮችም እስከ 3,048 ሜትር ድረስ የተፈቀዱ ናቸው፤ ማንበቢያቸው በአየር ላይ ተንሳፎ ስለሚሠራ ነው። ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ አቅጣጫ ከዚህ ከፍታ በላይ ለሚኖር ሰው እንግዲህ ተንሳፋፊ ማንበቢያ የሌለውን ኤስኤስዲ መግዛት ቅንጦት አይደለም። መብራቱም ከፍ ዝቅ ስለሚልና ስለሚቋረጥ፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ፓወር ሳፕላይና ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ከበጀቱ ድርሻቸውን አስቀድመው ሊያገኙ ይገባል። ሌላ አገር ያለ ሰው ያወጣውን የዕቃ ዝርዝር እንዳለ መገልበጥ አለመምረጥ ነው።

«እኛ ጋ ምርጫ የታለ?» የሚል ሰው ይኖራል፤ ንግግሩም እውነት አለበት። ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ንሯል፤ ከላሊበላ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰውም የሚገዛው ያሰበውን ሳይሆን ያገኘውን ነው። ነገር ግን የአማራጭ መጥበብ ማስተዋልን ይበልጥ ይፈልጋል እንጂ አያስቀረውም። ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝቶ፣ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልግ፣ ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው 75 ዋት የሚሠራ ካርድ የሚጨምር ወጣት መርጧል። ምስል ማውጫ አብሮት ያለውን ራይዘን 5 5600ጂን የመሰለ ፕሮሰሰር ይዞ ጀምሮ፣ ግራፊክስ ካርዱን ሲያገኝ ሊጨምር የወሰነም መርጧል፤ ዛሬን ከነገ ጋር አስማምቷል። ነጻ ፈቃድ ገደብ በሌለበት የሚኖር ነገር ቢሆን ኖሮ ለሰው ልጅ ባልተሰጠ ነበር፤ ሰው ከመጀመሪያውም በተወሰነ ገነት፣ በተወሰነ ትእዛዝ ውስጥ ነው ነጻ የነበረው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የመጨረሻው ነው። በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነት ደርሶባት ለወራት መብራት ባጣች፣ ጎብኚ ሲጠፋባት መተዳደሪያዋ በተቋረጠ በላሊበላ ከተማ ስለ ጨዋታ ኮምፒውተር ማሰብ ተገቢ ነውን? ይህን ጥያቄ በቀላሉ የሚያልፍ ሰው ወገኑን አላየም። ከቤተሰብ ጉሮሮ ተነጥቆ የሚገዛ ኮምፒውተር፣ ዕቃዎቹ ምንም ያህል ቢስማሙ፣ የተበላሸ ምርጫ ነው፤ ልክን ማወቅ ከኮምፒውተሩ ሳጥን ውጭ ይጀምራል። ነገር ግን ጨዋታ በራሱ ከንቱ ነው የሚለውን አልቀበልም። በገና ዕለት በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ቤዛ ኩሉ የተባለውን ዝማሬ ሲያሸበሽቡ፣ በዚያው በዓል ወጣቱ በየሜዳው ገና ይጫወታል፤ በዚህ ጨዋታ ጌታም እንደማይቆጣ የቆየው አባባል ይመሰክራል። ያሳደገን ባህል ለጨዋታ ጊዜና ልክ ሰጥቶታል እንጂ አላወገዘውም። ደግሞም ያው ኮምፒውተር ለተማሪው መማሪያ፣ ለቪዲዮ አቀናባሪው መተዳደሪያ ይሆናል፤ ለምን እንደሚውል አስቀድሞ ያሰበ ሰው ይህንንም ያስብበታል።

ስለዚህ «እኔ ሠራሁት» የሚለው ቃል እውነት ነው፤ «ብቻዬን ሠራሁት» እስካልተባለ ድረስ። ገጣጣሚውን ከሸማቹ የሚለየው ስለ እያንዳንዱ ዕቃ «ለምን?» ሲባል መልስ ያለው መሆኑ ነው፤ ዕቃው ሲበላሽም ምክንያቱን ስለሚያውቅ ሊጠግነው ይችላል። ወጣቱ እንግዲህ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት በወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፤ ለምን ሥራ፣ በየትኛው ቦታ፣ ከየትኛው ገንዘብ። ወላጅም «ስንት ፈጀ?» ብሎ ከመቆጣቱ በፊት እነዚህን ሦስቱን ይጠይቀው። መልሱ ቀና ከሆነ ልጁ ዕቃ ሊገዛ ብቻ አልተነሣም፤ ለሠራው ነገር ኃላፊ መሆንን እየተማረ ነው፣ ይህን የተማረ ሰው ደግሞ ነገ እጁ የሚገባውን ሁሉ በዚያው ልክ ይሠራዋል።