መከራና የወጣት እምነት

«መከራ ሰውን እንደ ወርቅ ያነጥራል» ይባላል። አባባሉ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ እሳቱ ከልክ ሲያልፍ፣ በእሳቱም ውስጥ የሚያልፈው ገና በማደግ ላይ ያለ ወጣት ሲሆን፣ ነገሩ ቀላል አይደለም። ለዚህ የኤሊ ዊዝል ታሪክ ትልቅ ምስክር ነው።

ዊዝል እ.ኤ.አ. በ1928 በሩማንያ፣ በሲጌት ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ ጸሎትንና የሃይማኖት መጻሕፍትን አጥብቆ የሚወድ ነበር። በ1944፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ ናዚዎች ከቤተሰቡ ጋር ወደ አውሽቪትስ አጋዙት። እናቱና ታናሽ እኅቱ እዚያ ተገደሉ፤ አባቱም በ1945 መጀመሪያ በቡኸንቫልድ ሞተ። እርሱ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ነጻ ወጣ።

«ሌሊት» በተሰኘው መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ በአይሁድ አዲስ ዓመት እስረኞቹ በአንድነት ሲጸልዩ እርሱ እግዚአብሔርን ለመባረክ አንደበቱ እምቢ አለው። የልጅነት እምነቱ ተሰብሮ ነበር። ሆኖም በክረምቱ የግዞት ጉዞ ላይ፣ አንድ ልጅ የደከመ አባቱን ጥሎ እንደ ሄደ በተረዳ ጊዜ፣ ሊያምነው ወዳልቻለው አምላክ ጸለየ። የለመነውም እንዲህ ያለውን ነገር ከማድረግ እንዲጠብቀው ነበር። ነገር ግን አባቱ በመጨረሻዋ ሌሊት ሲጠራው መልስ አልሰጠም። ይህንንም ራሱ ሳይሸሽግ ጽፎታል።

እንግዲህ መከራ ይህን ወጣት አነጠረው እንበልን? እንዲህ ብንል ምስጋናው ለአሠቃዮቹ በሆነ ነበር። መከራ በራሱ ቅድስናን አይሰጥም፤ ረኀብና ድብደባ የልጅን ፍቅር እንኳ ሊያደክሙ ይችላሉ። ዋጋ ያለው ነገር ያ ወጣት በደረሰበት ሁሉ ውስጥ ልጅነቱን ላለመካድ መለመኑ፣ በኋላም ድካሙን በእውነት መመስከሩ ነው። በ1986 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ያገኘው ዊዝል፣ ሌሎች ሲሠቃዩ ዝም አለማለትን የሕይወቱ ሥራ አድርጎ ነበር።

እምነቱስ? ከእግዚአብሔር ጋር የሚሟገት ሰው ከእግዚአብሔር ፊት አልራቀም። ኢዮብም ተሟግቷል፤ በመጨረሻ የተገሠጹት ግን እግዚአብሔርን የሚከላከሉ መስሏቸው ኢዮብን የወነጀሉት ወዳጆቹ ናቸው። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በ1984 ስለ ሰው ልጅ ሥቃይ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ መከራ ሁሉ የኃጢአት ቅጣት አለመሆኑን ከዚሁ ከኢዮብ ታሪክ አስረድተዋል።

ዊዝል ታሪኩን እንዲጽፍ ያበረታታው ፈረንሳዊው ካቶሊክ ደራሲ ፍራንሷ ሞሪያክ ነበር። በ1958 ለታተመው መጽሐፍ በጻፈው መቅድም፣ በመስቀሉ ምሥጢር የሚያምን ሰው ሆኖ ሳለ ለወጣቱ የሚመልሰው ቃል አጥቶ፣ እያለቀሰ ከማቀፍ በቀር ምንም ለማድረግ እንዳልቻለ ይናገራል። እምነቱን አልደበቀም፤ ነገር ግን በቆሰለው ሰው ላይ እንደ ክርክር አልመዘዘውም።

ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ጦርነትና መፈናቀል ያቆሰላቸው ወጣቶች በየቁምስናችን ይገኛሉ። አንዱ «እግዚአብሔር የት ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጥያቄውን እንደ ክህደት ቆጥረን አፉን አናስይዘው፤ «ለበጎ ነው» ብለንም አንቸኩልበት። ጌታችንም በመስቀል ላይ ሆኖ አባቱን «ለምን ተውኸኝ?» ብሎ ጠይቋል። ከወጣቱ አጠገብ እንቀመጥ፣ እንስማው፤ እርሱ ለጊዜው መጸለይ ባይችል እኛ እንጸልይለት።

ጊዜውንም እኛ አንቁረጥለት። ዊዝል በ1997፣ ነጻ ከወጣ ከ52 ዓመታት በኋላ፣ በአንድ ጋዜጣ ላይ ባወጣው ጸሎት ከእግዚአብሔር ጋር ስለ መታረቅ ጽፏል። ጥያቄዎቹ ግን ያን ጊዜም አልተመለሱለትም ነበር።