አባት ከልጁ ይቅርታ ይጠይቃልን?

ልጅን ማሳደግ ልጁን ብቻ የሚያስተምር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በእርግጥ ወላጅ መምህር፥ ልጅ ደቀ መዝሙር መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ልጅ ያሳደገ ሰው ሁሉ እንደሚመሰክረው፥ በቤት ውስጥ ያለው ትምህርት በአንድ ወገን ብቻ የሚሄድ አይደለም። አባት ልጁን ፊደል ሲያስቈጥር ልጁ ደግሞ አባቱን ትዕግሥት ያስቈጥረዋል፤ እናት ልጇን አቡነ ዘበሰማያት ስታስጠና፥ ልጇ ደግሞ ያጠናውን ቃል በእናቱ ኑሮ ላይ ይፈልገዋል። ዛሬ የምንመረምረው ጥያቄ ከዚህ የተነሣ ነው፤ ይኸውም አባት ልጁን በበደለ ጊዜ ይቅርታ ሊጠይቀው ይገባልን ወይስ አይገባም? የሚል ነው።

ጥያቄው በአሳብ ብቻ የመጣ አይደለም፤ በቤቴ የደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት በአንዲት ቅዳሜ ወደ ቤቴ ስገባ፥ ከመምህሬ አፍ እየሰማሁ ለብዙ ጊዜ የጻፍሁት የትርጓሜ ደብተር ቀለም ፈስሶበት አገኘሁት። የአምስት ዓመት ልጄ በአጠገቡ ቆሞ ነበር፤ ጣቶቹም የነጠላውም ጫፍ በቀለም ጠቍረዋል። ምንም ሳልጠይቅ መታሁት። እያለቀሰ ወደ ጓዳ ከገባ በኋላ ባለቤቴ፥ «ቀለሙን የደፋችው ድመቲቱ ናት፤ ልጁስ ጽሑፉ እንዳይጠፋብዎ በነጠላው ሲጠርግ ነው የደረሱበት» አለችኝ። ጠርሙሱን ሳልከድን በደብተሩ አጠገብ ትቼ የወጣሁት እኔ ራሴ መሆኔ ያን ጊዜ ታወሰኝ።

ማታ ከጸሎት በኋላ ልጁ እንደ ልማዱ መስቀል ሊሳለም መጣ። አልሸሸም፤ አላኰረፈም። የመታሁት በቀኝ እጄ ነበር፤ መስቀሉንም የያዝሁት በዚያችው እጅ ነው። ተሳልሞ ሄደ፤ እኔ ግን አንዳች አልተናገርሁም። በማግሥቱ ሰሞነኛ ነበርሁና ለቅዳሴ ልዘጋጅ ብል ልቤ አልረጋ አለ። መባውን ወደ መሠዊያው ያመጣ ሰው፥ ወንድሙ እንዳዘነበት ቢያስብ፥ መባውን ትቶ አስቀድሞ ይታረቅ ዘንድ ጌታችን ማዘዙ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 5 ተጽፏል። ይህ ትእዛዝ በልቡናዬ ሲመላለስ፥ «የአምስት ዓመት ሕፃን ወንድም ይባላልን? ነገ ይረሳው የለምን?» እያልሁ ከራሴ ጋር ተከራከርሁ።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ ይህ ክርክር የእኔ ብቻ እንዳልሆነ አምናለሁ። ወላጆች በልጆቻቸው ላይ የሠሩትን ግፍ አምነው እንዳይናገሩ የሚከለክሏቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው፥ «ሕፃን ነውና ይረሳዋል» የሚለው ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ በተወለደ በ40 ቀን፥ ሴት በተወለደች በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ በዚያውም ቀን ሜሮን ይቀባሉ፥ ሥጋውንና ደሙንም ይቀበላሉ። ቤተ ክርስቲያን አእምሮአቸው እስኪጎለምስ ድረስ ይቈዩ አላለችም። እንግዲህ ከአንዱ ጽዋ የተካፈለ ሕፃን የሥጋ ልጃችን ብቻ ሳይሆን በክርስቶስ ወንድማችን ነው። እንዲያውም እኛ ታላላቆቹ በበደላችን ምክንያት ከቅዱስ ቍርባን ርቀን በምንቆምበት ቀን፥ እርሱ በፊታችን አልፎ ይቀበላል። መርሳቱም ቢሆን የእርሱ የዋህነት ነው እንጂ የእኛ ጽድቅ አይደለም። አበዳሪው ስለ ረሳው ዕዳው ተከፈለ አይባልምና።

ሁለተኛው ምክንያት ክብር ነው። «አባት ከልጁ ይቅርታ ከጠየቀ ልጁ ይንቀዋል» ይላሉ። ነገር ግን ዳዊት ንጉሥ ሳለ ነቢዩ ናታን በገሠጸው ጊዜ በደሉን አመነ፤ ስለ ማመኑ ዙፋኑ አልተወሰደበትም፤ የንስሐው መዝሙርም እስከ ዛሬ የሁላችን ጸሎት ነው። ጌታችንም በጸሎተ ሐሙስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ባጠበ ጊዜ መምህርነቱ አልጎደለም፤ እኛም በየዓመቱ በዚያች ዕለት የምእመናንን እግር በማጠብ ይህን እንመሰክራለን። እርሱ ምንም በደል ሳይኖርበት ዝቅ ካለ፥ በደለኞቹ እኛ ከልጃችን ፊት ዝቅ ማለት እንዴት ያሳፍረናል? እኔም በቅኔ ቤት ሳለሁ፥ መምህራችን አንድ ተማሪ በትክክል የተናገረውን ቃል ስሕተት ነው ብለው በጉባኤ ገሠጹት። በማግሥቱ በዚያው ጉባኤ፥ «ትናንት የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ እርሱ ደኅና ነው የተናገረው» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ እርሳቸውን የናቀ ተማሪ አላየሁም፤ ተግሣጻቸውን ግን ሁላችንም ከቀድሞው ይልቅ አመንነው።

ሦስተኛው ምክንያት፥ «ልጅን እንዲህ ማቀማጠል የካህኑን የዔሊን ጥፋት መድገም ነው» የሚለው ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለምና በሚገባ ሊመረመር ያስፈልጋል። ዔሊ የተወቀሰው ልጆቹ የእግዚአብሔርን መሥዋዕት ሲያቃልሉ እያወቀ ስላልከለከላቸው ነው እንጂ፥ ለሠራባቸው ግፍ ይቅርታ ስለ ጠየቃቸው አይደለም። ያጠፋን ልጅ መገሠጽ የአባት ግዴታ ነው፤ መጽሐፈ ምሳሌም መጽሐፈ ሲራክም ይህን አጽንተው ያስተምራሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ወደ ኤፌሶን ሰዎችና ወደ ቈላስይስ ሰዎች በላካቸው መልእክታት፥ ልጆችን ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ ካዘዘ በኋላ ወዲያው ወደ አባቶች ተመልሶ ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ ያስጠነቅቃል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም ልጆችን ስለ ማሳደግ በጻፈው ድርሳን የሕፃንን ነፍስ አዲስ በተሠራች ከተማ ይመስላታል፤ ዐይንና ጆሮ፥ ምላስም የከተማዪቱ በሮች ናቸው። በትርን ዘወትር መጠቀምንም አይመክርም፤ ሁልጊዜ የሚመታ ልጅ በትሩን መናቅ ይለምዳልና።

ደግሞም ይህን እናስተውል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። በቤት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ከሳሹም ምስክሩም ፈራጁም አባት ብቻ ነው፤ ለሕፃኑ ይግባኝ የሚልለት የለም። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ እንኳ አዳምን ሳይጠይቀው አልፈረደበትም። ምንም የማናውቅ እኛ ሳንጠይቅ ብንፈርድ፥ ከማን ተምረን ነው?

ወደ ጀመርሁት ነገር ልመለስ። ሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት ወደ ልጁ መኝታ ቀረብሁ። ቀስቅሼም፥ «ልጄ፥ ትናንት ሳታጠፋ በግፍ መታሁህ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። እንቅልፍ እንደ ተጫነው ጥቂት አየኝና፥ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብሎኝ ተመልሶ ተኛ። ይህን ቃል እኔ ለንስሐ ልጆቼ ስናገር ሰምቶ የያዘው ነው። በጨለማው መንገድ ስሄድ፥ ምሕረትን ከአፌ ተምሮ ከሆነ በትርንም ከእጄ ይማራል፤ ሁለቱም ትምህርት በእኔ ዘንድ ናቸው፥ የትኛውን አብዝቼ አስተምሬው ይሆን? እያልሁ አሰብሁ። ያን ቀን በቅዳሴው፥ በጸሎተ አምኃ ጊዜ ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ባዘዘ ጊዜ፥ ቃሉ ከዚያ በፊት ሰምቼው እንደማላውቅ ሆኖ ተሰማኝ።

ልጁ ከዚያ በኋላ ማጥፋት ተወ አልልም፤ እንደ ማንኛውም ሕፃን ያጠፋ ነበር፥ ይገሠጽም ነበር። ነገር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ የእናቱን ጀበና በሰበረ ጊዜ፥ ስባሪውን ይዞ «እኔ ነኝ» ብሎ መጣ። ፍርሃት ልጅን ጥፋቱን መሸሸግ ያስተምረዋል፤ ፍርዱ ቅን እንደ ሆነ ያወቀ ልጅ ግን እውነቱን ይዞ ወደ አባቱ ይቀርባል። ዛሬ ወደ ሥጋዊ አባቱ በበደሉ ለመቅረብ ያልፈራ ልጅ፥ ነገ ወደ ንስሐ አባቱ መቅረብ አይከብደውም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ እጃችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ። በቅን ለገሠጻችሁት ይቅርታ አትጠይቁ፤ በግፍ ለቀጣችሁት ግን ሳትዘገዩ ጠይቁ። ጥፋታችሁን በስሙ ጥሩት፤ «ከረሜላ ልግዛልህ» ብሎ ማባበል ልጁን ዝም ማሰኘት ነው እንጂ መታረቅ አይደለም። «ይቅር በለን» እያላችሁ የምትጸልዩትን ጸሎት ለልጆቻችሁ በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራም አስጠኗቸው። ሕፃን ጠርቶ በደቀ መዛሙርቱ መካከል ያቆመ ጌታ፥ ከሕፃናቱ የምንማርበትን ትሑት ልብ ለሁላችን ያድለን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።