ምሥጢርና መርማሪው

እግዚአብሔርን በተመስጦ እናገኘዋለን ብለው በጾምና በጸሎት፣ በስውር ትምህርትና በብዙ ድካም የኖሩ ሰዎች የጻፉትን መጽሐፍ አንድ ሊቅ አንሥቶ፣ እንደ ማናቸውም የታሪክ ጽሑፍ ብራናውንና ቀለሙን፣ ሰዋስዉንና ዘመኑን እየመዘነ ቢመረምረው፣ ከመጽሐፉ የሚያገኘው ነገር ምንድን ነው? ጸሐፊው ከደረሰበት ደርሶ ያያልን፣ ወይስ መንገዱን ብቻ ለክቶ ይመለሳል? ይህ ጥያቄ የየትኛውንም ሃይማኖት መጻሕፍት የሚመለከት ቢሆንም፣ ባለፉት መቶ ዓመታት ጎልቶ የታየው ካባላ በተባለው የአይሁድ ረቂቅ ትምህርትና ከእርሱ በተወለደው የሐሲዳውያን እንቅስቃሴ ጥናት ላይ ስለ ሆነ፣ ነገሩን በዚያው ላይ ቆመን ብንመለከተው ይበጃል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት በጀርመን የተነሡት የአይሁድ ሊቃውንት ሕዝባቸው በአውሮፓ ዘንድ የሥልጡንነት ማዕርግ እንዲያገኝ ይመኙ ስለ ነበር፣ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት የልቡናና የግብረ ገብ ሃይማኖት አድርገው ለማሳየት ሲተጉ፣ ካባላን ግን እንደሚያሳፍር ዘመድ ከደጅ አስቀሩት። ከ1853 እስከ 1876 የአይሁድን ታሪክ በ11 ክፍል የጻፈው ሃይንሪሽ ግሬትዝ፣ የካባላን ታላቅ መጽሐፍ ዞሃርን የሐሰት መጽሐፍ ብሎ ነቅፎታል። ይህ ንቀት ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ የሚያስረዳ አንድ ነገር ጌርሾም ሾለም ስለ ወጣትነቱ በጻፈው መጽሐፍ ተርኳል። በ1897 በበርሊን የተወለደው፣ የቤተ ሰቡን ጀርመናዊ ልማድ ትቶ ዕብራይስጥን በራሱ ፈቃድ የተማረው፣ በ1922ም በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ባሂር ስለ ተባለው የካባላ መጽሐፍ የዶክተርነት ጽሑፉን ያቀረበው ይህ ሰው፣ ብዙ የካባላ መጻሕፍት ሰብስቧል ወደ ተባለለት አንድ ሽማግሌ ሊቅ ቤት ሄዶ፣ ይህን ሁሉ ማንበብዎ እንዴት ያለ መታደል ነው ቢለው፣ ሽማግሌው ይህንን ከንቱ ነገር ደግሞ ማንበብ አለብኝን ሲል በመገረም መለሰለት። ሾለም በ1923 ወደ ኢየሩሳሌም ወጣ፤ በ1925 በተከፈተው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲም እስከ ሽምግልናው ድረስ ያንን የተናቀ ዞሃር ሲያነብና ሲያስነብብ ኖረ።

ዞሃር በአረማይስጥ ቋንቋ የተጻፈ ሰፊ የኦሪት ትርጓሜ ነው። ረቢ ስምዖን ባር ዮሐይ የተባለው የ2ኛው ምዕተ ዓመት መምህር ከደቀ መዛሙርቱ ጋራ በገሊላ አገር እየተዘዋወረ፣ ከኦሪት ቃል በታች የተሰወረውን የመለኮት ውስጣዊ ሕይወት፣ ይኸውም ሰፊሮት የሚባሉትን ዐሥሩን መገለጫዎች፣ ሲያስተምር ያሳያል። መጽሐፉ ግን በዓለም የታየው በ13ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በስፔን በካስቲል አገር ሲሆን፣ ክፍል በክፍል እየገለበጠ ያሰራጨው ሞሼ ዴ ሌዮን የተባለ ሊቅ ነበር። ከአኮ ከተማ ጥፋት ተርፎ ወደ ስፔን የመጣ ይስሐቅ የተባለ ካባላዊ፣ በ1305 ይህን ሰው በቫያዶሊድ አግኝቶ ስለ ነገሩ ቢጠይቀው፣ ጥንታዊው መጽሐፍ በአቪላ ከቤቴ አለ፣ ስትመጣ አሳይሃለሁ ብሎ ማለለት፤ ነገር ግን ሞሼ ወደ ቤቱ ሲመለስ በመንገድ፣ በአሬቫሎ ከተማ፣ ታሞ ሞተ። ኋላም አንድ የአቪላ ባለጸጋ፣ የሟቹን ልጅ ለልጁ አጭቶ በምላሹ ጥንታዊውን መጽሐፍ ለመውሰድ ፈልጎ ሚስቱን ቢልክ፣ መበለቲቱ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከቶ እንዳልነበረና ባሏ ሁሉን ከገዛ ልቡ አመንጭቶ እንደ ጻፈው በመሐላ ነገረቻት፤ ስለ ምን በሌላ ሰው ስም ትጽፋለህ ብላ በጠየቀችው ጊዜም፣ በራሴ ስም ቢሆን ማንም ልብ አይለውም፣ በረቢ ስምዖን ስም ግን በብዙ ዋጋ ይገዙታል ብሎ እንደ መለሰላት አስረዳች። ይህ ምስክርነት የተረፈው አብርሃም ዛኩቶ ከ200 ዓመት በኋላ በጻፈው የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ እዚያም ቢሆን ይስሐቅ ለመጽሐፉ ጥንታዊነት የቆመ የሌላ ምስክር ቃል ማቅረብ እንደ ጀመረ ጽሑፉ በድንገት ስለሚቋረጥ፣ የመጨረሻው ፍርዱ አብሮ ጠፍቷል።

ግሬትዝ የመበለቲቱን ቃል ይዞ ነገሩን ሁሉ የገንዘብ ማታለል አደረገው። ሾለም በኢየሩሳሌም ማስተማር ሲጀምር ግሬትዝን ሊቃወም ተነሥቶ፣ ሞሼ ዴ ሌዮን የዞሃር ደራሲ መሆኑ አልተረጋገጠም፣ በውስጡም ጥንታዊ ነገር ሊኖር ይችላል ብሎ ተከራከረ። ከዚህ በኋላ ያደረገውን ነገር ነው እኔ እጅግ የማከብርለት፤ ለወደደው መጽሐፍ የወደደውን መልስ ሰጥቶ አላረፈም፤ የዞሃርን አረማይስጥ ቃል በቃል ለዓመታት መረመረ። ቋንቋው በአፍ የተነገረ ሳይሆን የአይሁድ መምህራን የሕግ ትርጓሜ ከሆነው ከባቢሎን ታልሙድና ከኦሪት የአረማይስጥ ትርጉም የተለቀመ መሆኑን፣ በመካከለኛው ዘመን ፈላስፎች የተፈጠሩ ቃላት በውስጡ መኖራቸውን፣ ጸሐፊው የገሊላን መሬት በዓይኑ እንዳላየ፣ ቀጰዶቅያን እንኳ በገሊላ ያለች መንደር አድርጎ እንዳሰባት አገኘ፤ በ1941 ባሳተመውና ስለ አይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት ዐበይት ፈለጎች በሚናገረው መጽሐፉም የዞሃር ዋና ክፍል ደራሲ ሞሼ ዴ ሌዮን ነው ብሎ ፈረደ። በደራሲው ማንነት ከግሬትዝ ጋራ ቢስማማም በፍርዱ ግን እጅግ ራቀው፤ ግሬትዝ አታላይ ባየበት ቦታ ሾለም በአባቶች ስም ተሰውሮ የጻፈ ታላቅ የሃይማኖት ሊቅ አየ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ይሁዳ ሊበስ ደግሞ መጽሐፉ የአንድ ሰው ሳይሆን በካስቲል የነበረ የአንድ ማኅበር ሥራ ነው የሚል ሐሳብ ስላቀረበ፣ ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም።

እንግዲህ የዘመኑ መታወቅ ምሥጢሩን አፈረሰውን? እኔ አላፈረሰውም እላለሁ። ዞሃር የ2ኛው ምዕተ ዓመት ቢሆን ክብሩ ከጥንታዊነቱ የተበደረ ይሆን ነበር፤ የ13ኛው ምዕተ ዓመት መሆኑ ሲታወቅ ግን፣ በስደትና በመናቅ መካከል፣ የአርስጣጣሊስ ፍልስፍና የብዙዎችን ልብ በማረከበት ዘመን፣ ጥቂት ሰዎች በካስቲል ተቀምጠው የመለኮትን ሕይወት ይህን በመሰለ ጥልቀት ማሰባቸው ራሱ የሚያስደንቅ ነገር ሆኖ ይቆማል። የሚፈርሰው የሥልጣን ማስረጃው ነው፤ ለእምነቱ ማጽኛ የመጽሐፉን ዕድሜ የያዘ ሰው መጎዳቱ አይቀርም፤ ይህንንም ጉዳት ቀላል ነው ማለት ቅንነት አይሆንም። ያዕቆብ ኤምደን የተባለው የአልቶና ረቢ በ1768 የዞሃርን ብዙ ክፍል ኋላ የተጨመረ ነው ብሎ ሲጽፍ፣ ራሱ ካባላን የሚያምን ሰው ነበርና፣ ቀናዒ አማኝም ለእውነት ብሎ ይህን ጉዳት ሊሸከም እንደሚችል ያሳየናል።

በዚህ ጥናት ውስጥ የእኛም አገር ድርሻ አላት። ከካባላ በፊት በአይሁድ ዘንድ የነበሩት ተመሳጮች፣ ነቢዩ ሕዝቅኤል ያየውን ሰረገላ ለማየት በሰባት የሰማይ አዳራሾች በኩል ወደ መንበረ ስብሐት እንወጣለን ይሉ ነበር፤ ከመጻሕፍታቸውም በአንዱ ሄኖክ ወደ ሰማይ ተነጥቆ ሜታትሮን የተባለ ታላቅ መልአክ ይሆናል። የዚህ ዕርገት ጥንታዊ ሥሩ ወዴት እንደ ሆነ ለመመርመር ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው መጽሐፈ ሄኖክ ሲሆን፣ እርሱም ምሉዕ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ካደረሰ በኋላ፣ በ20ኛው ምዕተ ዓመትም በቁምራን ዋሻ የአረማይስጡ ስባሪዎች ከተገኙ በኋላ፣ ሄኖክ በእሳት ወደ ተከበበው ቤት ገብቶ የልዑልን ዙፋን ያየበት ምዕራፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፈ መሆኑ ታወቀ። የገዳሞቻችን ጸሐፍት ብራና ፍቀው ይህን መጽሐፍ ሲገለብጡ የኢየሩሳሌምን ሊቃውንት አላሰቡም፤ የጠበቁት በጸሎታቸውና በቀኖናቸው ነው፤ ለመርማሪውም የደረሰለት በእነርሱ ጥበቃ ነው። ስለዚህ አማኙ ባይጠብቅ መርማሪው የሚመረምረው ባላገኘ ነበር፤ ይህንን ዕዳ የረሳ ምርምር እንደ ጎደለ እቆጥረዋለሁ።

ሾለም ዕዳውን የረሳ አይመስለኝም። በ1937 ለአሳታሚው ለዛልማን ሾከን በጻፈው ደብዳቤ ስለ ሥራው እውነተኛ አሳብ ሲገልጥ፣ እውነት በተራራ እንደሚመሰልና ተራራውን የከበበው የታሪክ ጉም ግን መሻገር እንዳለበት፣ እርሱም ከጉሙ ውስጥ ተውጦ በፕሮፌሰርነት ሞት እንዳይሞት እንደሚፈራ ይናገራል። ይህን የመሰለ ፍርሃት በልቡ የሌለው ሊቅ ስለ ምሥጢር ባይጽፍ ይሻላል።

የእርሱ ታሪካዊ መንገድ ግን የራሱ ጉድለት ነበረው። አይሁድ በ1492 ከስፔን በመባረራቸው የደረሰባቸው መከራ፣ በገሊላ በጸፌት ከተማ የኖረው ይስሐቅ ሉሪያ ስለ መለኮት መሰብሰብ፣ ስለ ዕቃዎች መሰበርና ስለ ዓለም መጠገን ያስተማረውን ትምህርት እንደ ወለደ፣ ይህም ትምህርት በ1665 ሰባታይ ጽቢ መሲሕ ነኝ ብሎ ሲነሣ ብዙ አገር ያናወጠውን እንቅስቃሴ እንዳዘጋጀ አድርጎ በአንድ ክር አያያዘው። ከሾለም በኋላ የተነሣው የካባላ ተመራማሪ ሞሼ ኢዴል በ1988 ባወጣው መጽሐፍ ይህ ክር ይበልጥ የታሰበ እንጂ የተረጋገጠ እንዳልሆነ፣ ከሐሳቡና ከታሪኩ ይልቅ ካባላውያን በጸሎት፣ በትንፋሽና በስመ እግዚአብሔር ፊደላት ላይ ያደርጉት የነበረው ሥራ መጠናት እንዳለበት አሳሰበ። በዚህ ረገድ ኢዴል ትክክል ይመስለኛል፤ ምሥጢራዊ ሕይወት አስቀድሞ የሚሠራ፣ ኋላ የሚጻፍ ነገር ነውና።

ይኸው ክርክር በሐሲዳውያን ላይ ይብስ ይጠነክራል። በ18ኛው ምዕተ ዓመት በፖዶሊያ በሜዝቡዝ ከተማ ኖሮ በ1760 ያረፈው የሐሲዳውያን እንቅስቃሴ መሥራች እስራኤል ባዓል ሼም ቶቭ፣ እግዚአብሔር በሥራ ሁሉ፣ በመብልና በንግድም እንኳ በደስታ ሊመለክ እንደሚገባ አስተማረ ይባላል። ፈላስፋው ማርቲን ቡበር ይህን ሕይወት ሐሲዳውያን ስለ መምህሮቻቸው ከሚተርኳቸው ተረቶች አውጥቶ ለዓለም አቀረበ፤ ሾለም ግን በ1961 ተረቱ ከመምህራኑ የትርጓሜ ድርሳን ኋላ የተጻፈ ስለ ሆነ፣ ትምህርቱን በድርሳኑ ልንመረምር ይገባል ብሎ ተቃወመው። በታሪክ ደንብ ሾለም ይረታል። ነገር ግን ገድል የሚነበብበት አገር ሰው እንደ መሆኔ፣ ተረቱ ድርሳኑ የማይሸከመውን የመምህሩን መልክ ሊሸከም እንደሚችል አልክድም። የታሪክ ተመራማሪው ሞሼ ሮስማን ደግሞ በፖላንድ መዛግብት ውስጥ የሜዝቡዝን የግብር ዝርዝር ፈልጎ፣ ባዓል ሼም የአይሁድ ማኅበሩ በሆነ ቤት ያለ ግብር ይኖር እንደ ነበር በማግኘቱ፣ ከማኅበሩ አለቆች የተጣላ ድኻ ባሕታዊ አድርጎ ለሚስለው ልማድ የማይመች እውነት አወጣ፤ ከደረቅ የግብር መዝገብም ስለ ቅዱስ ሰው አንድ ነገር መማር እንደሚቻል ታየ።

ሾለም በአንዱ መጽሐፉ መግቢያ፣ ካባላን ለመማር በ1924 ወደ ኢየሩሳሌም ስለ ሄደ አንድ ወጣት ወዳጁ ይተርካል። ወጣቱ ከአንድ የጥንት ወግ ጠባቂ ካባላዊ ዘንድ ቢቀርብ፣ መምህሩ አስተምርሃለሁ፣ ነገር ግን ትፈጽመው እንደ ሆነ የምጠራጠረው አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ፣ እርሱም ምንም እንዳትጠይቀኝ ነው አለው። በአገራችን ጉባኤ ቤት የተማረ ሰው ይህን ሁኔታ እንግዳ አይለውም፤ ቃሉን ከመመርመር በፊት መቀበልና ማጽናት እንዳለ ያውቃልና። እኔ ሁኔታው ግፍ ነው አልልም፤ መጠየቅ እስኪያበቃ ድረስ የማይሰማ ነገር መኖሩን አምናለሁ። ነገር ግን ጠያቂው ወጣት ከዚያ ደጅ ቢመለስም መጽሐፉን ይዞ መቀመጥ እንደማይከለከል፣ በትዕግሥትና በፍቅር ካነበበም እንደ እንግዳ ሊቈጠር እንደማይገባ እጨምራለሁ። ሾለም በዘመኑ ሁሉ ሲያነበው የኖረውን ዞሃር በኅዳጉ በእጁ ማስታወሻ ሞልቶት ነበር፤ ሾለም በ1982 ካረፈ ከዐሥር ዓመት በኋላም ያ ቅጂ ከነማስታወሻው እንዳለ ታትሞ ወጣ። በሺሕ የሚቈጠሩ መጻሕፍቱም በኢየሩሳሌም በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት በስሙ በተሰየመ ክፍል ተቀምጠው፣ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪና የሺቫ በተባለው የአይሁድ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ያለው ተማሪ በየፊናቸው ያነቧቸዋል።