መደበቅ መዋሸት ነው ወይ?

ዛሬ የማነሳላችሁ ነገር ከስልክ ተነስቶ ኅሊና ላይ የሚያርፍ ነው።

ባለፈው ዓመት፣ እዚሁ ቤይሩት፣ ማታ ስለ ሥራ ውል በስልኬ ሳነብ አመሸሁ። በማግስቱ የማዳም ትልቁ ልጅ «ሥራ ልትለቂ ነው እንዴ?» አለኝ። ደነገጥኩ። ለካ ዋይፋዩ የእነሱ ስለሆነ የትኛውን ድረ ገጽ እንደከፈትኩ ማየት ይችላል። ውስጡ የተጻፈውን ባያነብም የድረ ገጹን ስም ያያል። ያን ቀን ሳህን ሳጥብ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ምን እንዳጠፋሁ ግን እኔም አላውቅም።

ኋላ ይህን ለጓደኞቼ ስነግር አንዷ «ነጻ ፕሮክሲ አስገቢ» አለችኝ። ፕሮክሲ ማለት ባጭሩ በአንቺ ፈንታ ሄዶ የሚያመጣ መልእክተኛ ነው። እኔ ግን የእናቴ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነብላት የጎረቤት ተማሪ ነበር፤ የቤታችንን ጉድ ሁሉ ያውቅ ነበር። የማናውቀው ሰው ፕሮክሲም እንደዚያ ነው። ከማዳም ልጅ ተደብቀን የት እንዳለ የማናውቀው ሰው ፊት እንቆማለን።

ሌላዋ ቶር ብሮውዘርን ጫነችልኝ። ቶር ሦስት መልእክተኛ ያሰልፋል። የመጀመሪያው ማን እንደላከ ያውቃል፣ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። የመጨረሻው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፣ ከማን እንደመጣ አያውቅም። የመሐለኛው ሁለቱንም አያውቅም። ኮምፒዩተር ላይ ባለው ቶር ሴቲንግ ውስጥ ፕሮክሲ የሚሞላበት ቦታ አለ፤ እሱ ያለ ፕሮክሲ ኢንተርኔት ለማይሰጥ መሥሪያ ቤት ነውና ዝም ብላችሁ አትሙሉት፣ የበለጠ አይደብቅም። ቶር በተዘጋበት አገር ብሪጅ የሚባል መግቢያ አለው፤ አገራችንም በ2012 እ.ኤ.አ. ቶርን ዘግታው ነበር። ኤምሬትስ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ንገሯቸው፤ እዚያ በእንዲህ ያለ መንገድ አድራሻ ደብቆ ወንጀል መሥራት በእስር ወይም ከ500,000 ድርሃም በማያንስ መቀጮ ያስቀጣል። ስልኩን ራሱን ከእጃችሁ ከወሰዱት ግን ቶርም አያድን።

አንድ ያልነገሩኝ ነገር ነበር። የዋይፋዩ ባለቤት የምትከፍቺውን አያይም እንጂ ቶር እንደምትጠቀሚ ማወቅ ይችላል። ፖስታው እንደታሸገ ይታየዋል ማለት ነው። አንድ ቀን ማዳም ጠራችኝና «ምንድን ነው የምትደብቂን?» አለች። «ምንም» አልኳት።

እስካሁን የሚከነክነኝ ይህች ቃል ናት። መደበቄ አይከነክነኝም። ዋይፋዩ የእነሱ ነው፣ ከፋዮቹም እነሱ ናቸው፣ አልክድም። ውሃውም እኮ የእነሱ ነው፤ እኔ ገላዬን ስታጠብ በር መዝጋቴን ግን ማንም ስርቆት አላለውም። እኔ የማዳምን መኝታ ቤት ሳላንኳኳ አልገባም። የእኔን ሳያንኳኩ ይገባሉ፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

«ምንም» ስላት ግን በር አልዘጋሁም፤ የሌለ ነገር ነገርኳት። አንዳንድ እህቶች «ፓስፖርትሽን ለያዘ ሰው መዋሸት ኃጢአት አይደለም» ይላሉ። በሩ ተቆልፎባት ለምትጨነቅ እህት እኔም አልፈርድባትም፤ ትዋሽና ትትረፍ። እኔ ግን ያን ዕለት ነፍሴ አደጋ ላይ አልነበረችም። የፈራሁት ፊቷ መጥቆሩን ብቻ ነው። ለዚህች ያህል ከዋሸሁ ነገ ለትንሹም ለትልቁም ልዋሽ ነው፤ ያኔ የሥራ ውሌን ይዤ እውነቴን ነው ስል ማን ያምነኛል?

ደግማ ከጠየቀችኝ «አዎ፣ የራሴ ጉዳይ አለኝ፤ እናንተን የሚጎዳ ነገር ግን የለበትም» ልላት ወስኛለሁ። ዓረብኛዬ ለዚህ አይበቃም። ሳትቆጣ እንድትሰማኝ አድርጎ እንዴት እንደሚባል የምታውቁ እሁድ ስንገናኝ አስጠኑኝ።