የጠጋኝ አደራ

ሰው በአደባባይ የሚታየውን ሥራ አሳምሮ ቢሠራ ብዙ የሚያስደንቅ ነገር የለውም፤ የሚያይ ዓይን አለና ነቀፋን ፈርቶ፣ ምስጋናንም ሽቶ ይጠነቀቃል። ምግባሩ በእውነት የሚመዘነው ማንም በማያየው፣ ቢያይም መርምሮ ሊፈርድበት በማይችለው ሥራ ላይ ነው። ታዲያ የማይታየውን ሥራ አጥርቶ መሥራት ስለ ምን ይገባል? ቢሠራም ባይሠራም የሚከፈለው ዋጋ አንድ ከሆነ፣ ሠራተኛውን የሚያስገድደው ምንድር ነው? ይህን ጥያቄ ፈላስፎች በረቀቀ ቃል መርምረውታል። እኔ ግን ወጣት አንባቢዬ በየመንገዱ ዳር በሚያየው ነገር፣ ይኸውም በአሮጌ ሞተር ብስክሌት ጥገና፣ ልመረምረው አሰብሁ።

አዳማ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ በሞጆ በኩል የሚመጣው መንገድ እዚህ ሲደርስ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ፣ ሁለተኛው ወደ አሰላ ይሄዳል፤ ከሞጆ የሚገነጠለው ደግሞ መቂንና ዝዋይን፣ ማለት የዛሬዋን ባቱን፣ አልፎ ሻሸመኔ ይገባል። በከተሞቹ ውስጥ የሚርመሰመሰው ባጃጅና ትንንሽ ሞተር ነው፤ ነገር ግን አልፎ አልፎ ለረጅም ጉዞ የተሠራ፣ ዕድሜው ከነጂው ዕድሜ የሚበልጥ ከባድ ሞተር ብስክሌት ሲያልፍ ይታያል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ፋብሪካው መለዋወጫውን መሥራት ካቆመ በኋላ በሕይወት የሚኖረው በጠጋኙ እጅ ነው። የጋራዡ ቋንቋ እንኳ ታሪኩን ይናገራል፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቪቴ፣ ጓርኒሲዮን የምንላቸው ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ዕቃው ከባሕር ማዶ መጣ፤ ስሙም አብሮ መጣ። የጠጋኙ ታማኝነት ግን በመርከብ ተጭኖ የሚመጣ አይደለም፤ እዚሁ በሰው ልብ ውስጥ ካልበቀለ የትም አይገዛም።

አሁን ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። በሞተሩ ራስ ውስጥ ቤንዚንና አየር የሚያስገቡ፣ ጭስም የሚያስወጡ ቫልቮች አሉ። በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ጥቂት ክፍተት ሊኖር ይገባል፤ ይህም ክፍተት በብዙ አሮጌ ሞተሮች የአንድ ወይም የሁለት ወረቀት ውፍረት ያህል ነው። ክፍተቱ የጠፋ እንደሆነ፣ ሞተሩ ሲግል ቫልቩ አጥብቆ መዝጋት ያቅተውና በእሳቱ ይቃጠላል። ጠጋኙ ይህን ለማስተካከል ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ፣ ክዳኑን መፍታት፣ ክፍተቱንም በቀጭን የብረት ቅጠል መለካት አለበት። ሳይለካ ክዳኑን ብቻ ወልውሎ «ተስተካክሏል» ቢል ባለቤቱ በምን ያውቃል? ሞተሩ በዚያ ቀን እንደ ወትሮው ይነሣል፤ ድምፁም ያው ነው።

የምድራችን አቀማመጥ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጨምራል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች፤ 75 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መተሐራ ግን ከ1,000 ሜትር በታች ናት። ከፍ ባለ ቦታ አየር ይሳሳል፤ ከአዳማ አሰላ ሲወጣ ከመቶ 8 እጅ ያህል ይቀንሳል። አሮጌው ካርቡራቶር ይህን አያውቅምና ቤንዚኑን በቆላው ልክ ያፈሳል፤ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛና የሞተሩ ኃይል ይደክማል። ለደጋ ተብሎ ቤንዚኑ የተቀነሰለት ሞተር ደግሞ መተሐራ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰውና ከመጠን በላይ ይግላል፤ ፒስተኑንም እስከ መጉዳት ይደርሳል። ስለዚህ ጥሩ ጠጋኝ «ምን ሆነ?» ብቻ ሳይሆን «ወዴት ነው የሚሄዱት?» ብሎ ይጠይቃል። ካንዴላውንም ነቅሎ ይመለከታል፤ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ከነጣ አንሷል፤ ወተት እንደ ገባበት ቡና ከሆነ ልኩን ይዟል።

ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር፣ የተሰወረ ሥራም ምስክር ያለው መሆኑን ነው። ዓይን በማይገባበት ሆድ ውስጥ የተደረገውን ካንዴላው ያወራል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትም ምስክሩ ከመናገሩ በፊት እንድንነቃ ነው። ብዙ መካሪዎች በዚህ ያቆማሉ፤ «ሥራህ አንድ ቀን ይገለጣልና አሳምረህ ሥራ» ይላሉ። ምክሩ መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። ጥፋቱ ሁልጊዜ በሠሪው ላይ አይገለጥምና።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. ቴድ ሳይመን የተባለ፣ በእንግሊዝ አገር ያደገ ጋዜጠኛ በ500 ሲሲ ትራያምፍ ሞተር ብስክሌት ከለንደን ተነሥቶ ዓለምን ለመዞር ወጣ፤ ጉዞውም አራት ዓመት ፈጀ። አፍሪካን ሲወርድ ኢትዮጵያን አቋርጦ ወደ ኬንያ ተሻገረ። እንዲህ ያለ መንገደኛ የቻለውን ራሱ ይጠግናል፤ ያልቻለውን ግን ስሙን እንኳ ለማያውቀው የከተማ ሠራተኛ ከመስጠት ሌላ መንገድ የለውም። እስቲ እንግዲህ በየትኛውም ከተማ ስላለ እንዲህ ያለ ሠራተኛ እናስብ። መንገደኛው ነገ ይሄዳል፤ ዳግመኛም አይመለስም። ብሎኑ ቢላላ የሚላላው በሌላ አገር በረሃ ውስጥ ነው፤ ከሳሽም ወቃሽም አይመጣም። ይህን ብሎን በሚገባ የሚያጠብቅ ሰው ቅጣት ፈርቶ አይደለም፤ ደንበኛ ላለማጣትም አይደለም። ታዲያ ስለ ምን ያጠብቀዋል?

መልሱ ከአገራችን ቃል በአንዱ ውስጥ ይገኛል፤ ይኸውም አደራ ነው። አደራ ማለት ባለቤቱ ሊጠብቀው በማይችልበት ጊዜና ቦታ ለሌላ የተሰጠ ነገር ነው። ባለቤቱ ቆሞ የሚጠብቀው ነገር አደራ አይባልም። ሰው ሞተሩን ለጠጋኝ ሰጥቶ ደጅ ላይ ሲቀመጥ፣ የሰጠው ብረት ብቻ አይደለም፤ ነገ በመንገድ ላይ የምትጓዝ ነፍሱን ጭምር ነው። እንግዲህ የሥራው አለመታየት ግዴታውን የሚያቀል ሳይሆን ግዴታውን ራሱን የሚወልድ ነው። «ማንም ስለማያየኝ ልተወው» የሚል ሰው ነገሩን ገልብጦ አይቶታል፤ ማንም ስለማያየው ነው አደራ የሆነበት።

አንባቢዬ ግን «ይህ ሁሉ ገንዘብ ላለው ነው» ይለኝ ይሆናል። መቃወሚያው ቀላል አይደለምና በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ከአሰላ በኢተያና በዴራ በኩል አዳማ እየተመላለሰ በአሮጌ ሞተሩ እንጀራውን ያበስላል እንበል። የፍሬኑ ሸራ አልቋል። ሸራው በጎማው መካከል ባለው ታምቡር ውስጥ ነውና ጎማው ካልወለቀ አይታይም። ኦሪጅናሉ አይገኝም፤ ቢገኝም ገንዘቡ የለውም። «ወንድሜ፣ እስከ ቅዳሜ ብቻ አድርስልኝ» ይላል። ጠጋኙ ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው የፍሬኑን ማስተካከያ ጥቂት አጥብቆ፣ የተጠገነ አስመስሎ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ማሰናበት ነው። ሁለተኛው «ኦሪጅናል ካላመጡ አልነካውም» ብሎ መመለስ ነው። ሦስተኛው ከሌላ ሸራ ቆርጦ፣ በልኩ ሞርዶ መግጠም ነው፤ ይህን በጋራዥ ቋንቋ ሞዲፊክ ይሉታል።

ሞዲፊክን የሚንቁ ሰዎች አሉ። እኔ አልንቀውም፤ ዕቃ በታጣበት አገር ብልኃት የተከበረ ነገር ነው። ቁም ነገሩ ኦሪጅናል ነው ወይስ ሞዲፊክ የሚለው አይደለም፤ ባለቤቱ ያውቃል ወይስ አያውቅም የሚለው ነው። ጠጋኙ «ጋሼ፣ ይህ ኦሪጅናል አይደለም፤ ቁልቁለት ላይ በማርሽ ይያዙት፤ ከኋላ ሰው አይጫኑ፤ ቅዳሜ ያምጡትና ፈትቼ ልየው» ያለ እንደሆነ፣ ያ ቁራጭ ሸራ ጥበብ ነው። ዝም ብሎ የኦሪጅናል ዋጋ ያስከፈለ እንደሆነ ግን ያው ሸራ ስርቆት ነው፤ ከአሰላ እስከ አዳማ 800 ሜትር ያህል ቁልቁለት አለና ከስርቆትም የከፋ ነው። ሌባ ገንዘብ ይወስዳል፤ ይህኛው ግን ሰውን ሳያስጠነቅቅ ወደ አደጋ ይሰዳል።

ደግሞም አንድ ወሰን አለ። ባለ ሞተሩ አውቆ በራሱ ላይ ቢደፍር ስለ ራሱ ነው እንበል፤ ዴራ ላይ መንገድ የምታቋርጠው ተማሪ ግን ፈቃዷን ማን ጠየቃት? ስለዚህ የተገጠመው ሸራ ሞተሩን ማቆም የማይችል ከሆነ፣ ባለቤቱ ቢለምንም፣ ቢቆጣም፣ ጠጋኙ «ይሄ እንኳ አይወጣም» ማለት አለበት። አደራው የባለ ሞተሩ ብቻ አይደለምና።

እንዲህ ያለው ጠጋኝ ደንበኛ አያጣም ወይ? አንዳንድ ጊዜ ያጣል። ሰውየው ሞተሩን እየገፋ ወደ ጎረቤቱ ጋራዥ ይሄድ ይሆናል፤ ጎረቤቱም ዝም ብሎ ይቀበለው ይሆናል። እውነተኛ ሰው ሁልጊዜ ይከብራል ብዬ ወጣቶችን ልሸነግል አልፈልግም። ነገር ግን «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» ይባላል። በየቀኑ ልኩን ሲለካ የኖረ እጅ በመጨረሻ መዋሸት ያቅተዋል፤ በየቀኑ ሳይለካ «ተስተካክሏል» ሲል የኖረ አንደበትም በመጨረሻ ለራሱ እንኳ እውነት መናገር ይሳነዋል። ገንዘቡ ያልቃል፤ ይህ ጠባይ ግን ከሰውየው ጋር ይቀራል።

ወጣቶች ሆይ፣ ከእናንተ ብዙዎቹ ካቻቪቴ ላትይዙ ትችላላችሁ። አንዱ መሐንዲስ ሆኖ ስሚንቶ ከፈሰሰ በኋላ ለማይታይ ብረት ይፈርማል። አንዷ ነርስ ሆና በሽተኛው የማያውቀውን መድኃኒት ትለካለች። ሌላው አስተማሪ ሆኖ በሌሊት ብቻውን የፈተና ወረቀት ያርማል። ሁላችሁም በየተሰማራችሁበት፣ ዓይን በማይደርስበት ስፍራ ብሎን የማጥበቅ ጊዜ ይመጣባችኋል። ያን ጊዜ «ማን ያየኛል?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ማን አምኖ ሰጠኝ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ብሎኑንም አጥብቁት።